የለካችሁት ፍጥነት የካታሊስቱ ነው ወይስ የመንገዱ?

ለማስተርስ ጥናቴ ከምግብ ቤቶች የእንቁላል ቅርፊት ሰበሰብኩ። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አጋልኩት። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በዚያ ሙቀት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ዘይትና ሜታኖልን ወደ ባዮዲዝል የሚቀይር ርካሽ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽኑን፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡን የሚያፋጥን) ማለት ነው። ስድስት ወር ሙሉ የለካሁት ፍጥነት ግን የካታሊስቱ አልነበረም። ሞለኪውሎቹ እሱ ጋ እስኪደርሱ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ነበር የምለካው። እናንተም ያን ያህል ጊዜ እንዳታጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞለኪውሉ በፈሳሹ ውስጥ ተጉዞ ቅንጣቱ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ይገባል። ሪአክሽኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተመረተው ደግሞ በመጣበት መንገድ ይወጣል። ከነዚህ መካከል የሚጎተተው እሱ ሁሉንም ያስጠብቃል።

መጀመሪያ ማማሰያውን ፈትኑ። ሙቀቱን 60 ዲግሪ ላይ ያዙት፤ ሜታኖል 65 ገደማ ላይ ይፈላል። ሌላውን ሁሉ ሳትነኩ በደቂቃ 200፣ 400፣ 600 እና 800 ዙር አማስሉ። የየአንዳንዱን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ፍጥነት ብቻ አወዳድሩ። ባማሰላችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ከጨመረ፣ የቡና ከሰል ላይ እያራገባችሁ ነው ማለት ነው። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፤ የጎደለው ፊቱ ላይ የሚደርስ ኦክስጅን ነበር። ፍጥነቱ መጨመሩን ካቆመበት በላይ ብቻ ስሩ።

እዚህ ላይ ማግኔት ማማሰያ አሳስቶኛል። ዙሩን ስጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ብልቃጡን ሳጥብ ከታች የቀረው እንደ ዱቄት የላመ ነገር ነበር። የጨመርኩት ግን ሽርክት ነው። ማግኔቷ ከብርጭቆው ወለል ጋር ስትሽከረከር ካታሊስቴን እየፈጨችው ነበር። የምትችሉ ከሆነ ከላይ የሚወርድ ማማሰያ ተጠቀሙ።

ማማሰሉ ለውጥ ባያመጣም ገና አልጨረሳችሁም። ማማሰል የውጩን መንገድ እንጂ የቀዳዳውን ውስጥ አይነካም። ለዚያ ወንፊት ያስፈልጋል። አንድ ላይ የጋለውን ካታሊስት በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት በሦስት መጠን ለዩት፤ ከየመጠኑ እኩል ግራም ሞክሩ። ደቃቁ ከፈጠነ፣ የትልቁ ቅንጣት መሀሉ ስራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለማንኛውም ካታሊስቱን ከአየር ሰውሩት፤ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበላዋል።

ሦስተኛው የሙቀት ፈተና ነው። በቀዳዳ ውስጥ ጉዞ ክፉኛ የታነቀ ሪአክሽን የሚያሳየው አክቲቬሽን ኢነርጂ (ሪአክሽኑ የሚያልፈው የኃይል እንቅፋት፤ ፍጥነቱ ከሙቀቱ ጋር ከሚጨምርበት መጠን ይሰላል) የእውነተኛውን ግማሽ ያህል ነው። የእኔ ሽርክት 28 ኪሎጁል በሞል ሰጠኝ። እንዴት ያለ ጎበዝ ካታሊስት ብዬ ጻፍኩ። ደቃቁ 55 ገደማ ሲሰጠኝ ነው የገባኝ።

አሁን ወረቀት አውጡ። ተመራማሪዎቹ ዋይዝና ፕሬተር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጡት፣ ቀዳዳው ማነቅ አለማነቁን የሚለይ መስፈርት እውነተኛውን ፍጥነት ሳትፈልጉ በለካችሁት ፍጥነት ይሰራል። ፍጥነቱን በራዲየስ ስኩዌር አባዙ፤ በቅንጣቱ ውስጥ ባለው ዲፊዩሲቪቲ (ሞለኪውሉ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ) እና በፊቱ ላይ ባለው ኮንሰንትሬሽን (የሞለኪውሎቹ ክምችት) ብዜት አካፍሉ። ለምሳሌ ፍጥነቱ በካታሊስት ሜትር ኪዩብ በሰከንድ 2 ሞል፣ ራዲየሱ 0.25 ሚሊሜትር፣ ዲፊዩሲቪቲው 10⁻¹⁰ ሜትር ስኩዌር በሰከንድ፣ ኮንሰንትሬሽኑ በሜትር ኪዩብ 800 ሞል ይሁን። 1.6 ገደማ ይመጣል። ከ1 በጣም ማነስ ነበረበት፤ ስለዚህ ቀዳዳው አንቆታል። ራዲየሱን ወደ 0.05 ብታወርዱት ወደ 0.06 ይወርዳል። ግን ፍጥነቱም ስለሚለወጥ እንደገና ለክታችሁ አስሉ።

ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አናደቀውም? ቱቦ ውስጥ የታጨቀ ዱቄት ፈሳሽም ጋዝም በቀላሉ አያሳልፍም፤ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ይወደዳል። ዲዛይን የሚባለው ድርድር እዚህ ይጀምራል። ተመራማሪው ቲሌ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳየው ስሌት፣ ለጠፍጣፋ ቅንጣት ሞዱለሱ (ሪአክሽኑ በቀዳዳ ውስጥ ካለው ጉዞ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳየው ቁጥር) 1 ሲሆን ካታሊስቱ 76 በመቶ ያህል ይሰራል። 3 ሲሆን 33፣ 10 ሲሆን 10 በመቶ ብቻ። ከሚቴን ሃይድሮጅን በሚመረትባቸው ፋብሪካዎች ከ5 በመቶ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። በግፊቱ ምክንያት ግን ቅንጣቱን አያደቁትም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ እያደረጉ ፊቱን ያበዙታል። ሌላው ዘዴ ውዱን ብረት በውጩ ስስ ሽፋን ላይ ብቻ መቀባት ነው፤ መሀሉ ካልሰራ ለምን ይከፈልበታል? የዚህ አይነቱ ካታሊስት በሙያው ስሙ ‹የእንቁላል ቅርፊት› መሆኑን ሳውቅ በጣም ገረመኝ።

ከብልቃጥ ወደ ትልቅ ጋን ስታሳድጉት ኬሚስትሪው ያው ነው፤ መንገዱ ግን ይለወጣል። በደቂቃ 600 ዙር በብልቃጥ የሚሰጠው መቀላቀል በጋን ውስጥ ሌላ ነገር ነው። ጋኑ እንደተተከለ የመጀመሪያውን የማማሰል ፈተና እንደ አዲስ ጀምሩት።