ባሕር ዛፍ ከማስቆረጣችሁ በፊት ቁመቱን በወረቀት ለኩ

ደሴ ላይ ግቢው ጠባብ፣ ባሕር ዛፉ ረጅም ነው። ሲወድቅ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይደርስ እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። «ኧረ አይደርስም» የሚል ሰው አትስሙ።

አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ እጠፉ። የ45 ዲግሪ ማዕዘን አገኛችሁ። አንዱን አጭር ጎን አግድም አድርጋችሁ ዓይናችሁ ጋ ያዙት። ከዚያ በረጅሙ ጎን አነጣጥራችሁ የዛፉ ጫፍ እስኪገጥም ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሂዱ። ታንጀንት ማለት ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ከማዕዘኑ አጠገብ ላለው ጎን ሲካፈል ነው። የ45 ዲግሪው ደግሞ ልክ 1 ነው። ስለዚህ ከግንዱ እስከ እግራችሁ 14 ሜትር ከሆነ፣ ዛፉ ከዓይናችሁ በላይ 14 ሜትር ነው። የዓይናችሁን ከፍታ፣ 1.5 ሜትር ገደማ፣ ጨምሩበትና 15.5 ይሆናል። ይቺን መደመር ብዙ ሰው ይረሳታል።

ወደ ኋላ መሄጃ ከጠፋ በተማሪ ፕሮትራክተር (ማዕዘን መለኪያ) የዛፉ ጫፍ በ60 ዲግሪ የሚታይበት ቦታ ላይ ቁሙና ርቀቱን በ60 ዲግሪ ታንጀንት፣ በ1.73፣ አባዙ፤ የዓይን ከፍታውን አሁንም ደምሩ። ሌላው የማዕዘን ስሌት፣ ሳይን፣ እዚህ አይጠቅምም። እሱ ሰያፉን ጎን ይፈልጋል፤ ከዓይናችሁ እስከ ዛፉ ጫፍ ሜትር ማን ይዘረጋል?

ጦሳ ተራራ ሥር ያላችሁ ግን ሽቅብም ቁልቁልም ሄዳችሁ አትለኩ። ስሌቱ ሜዳ ይፈልጋል። ወደ ጎን ሄዳችሁ ከግንዱ ሥር እኩል ከፍታ ላይ ቁሙ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያላችሁ በፈለጋችሁት በኩል ለኩ።