ለዘማች ቤተሰብ እንዴት እንድረስ? ለከተማ ዳር ነዋሪዎች

በአዲስ አበባ ከአያት አደባባይ ወዲያ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶችና በዙሪያቸው ባሉት ሰፈሮች የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ቢያንስ አንድ የወታደር ቤት አያጣም። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት እድር ውስጥ እንኳ ባለቤታቸው ግዳጅ ላይ ያሉ እናቶች፣ ልጃቸው ከዘመተ የቆየባቸው አዛውንቶችና ከቁስላቸው ገና ያላገገሙ ጎልማሶች አሉ። ሠራዊቱን መደገፍ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ሰልፍ መውጣትን ወይም ገንዘብ ማዋጣትን ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ። ወታደሩን ምሽጉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣው የወር ኪራይ፣ የልጅ ትምህርትና ያላለቀ ወረቀት ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ እጃችን ሳንዘምት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ ያለን አስተያየት ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በዚያ መካከል ኑሮውን መግፋት ያለበትን ቤት ነው።

መጀመሪያ አቀራረብን ማስተካከል ይገባል። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለት ደግነት ቢሆንም ፋይዳው ጥቂት ነው፤ ይሉኝታ የያዛት ሴት መቼም አትናገርምና። ከዚህ ይልቅ ሥራውንና ቀኑን ቆርጦ ማቅረብ ይሻላል፦ «ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ስለምሄድ ጤፍሽን አብሬ ላስፈጭልሽ» ወይም «ዛሬ ሌሊት የውኃ ፈረቃችን ስለሆነ ጄሪካኖችሽን በር ላይ አውጪያቸው» ማለት ይቻላል። አከራይ የሆነ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ሊረዳ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ለዘማች ቤተሰብ ያከራየ ሰው ሕጉን ብቻ አክብሮ ቢያድር እንኳ ትልቅ ነገር ነው፣ ደመወዝ በዘገየበት ወር ዐሥር ቀን ቢታገሥ ደግሞ የበለጠ።

ከሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ ወረቀት ላይ የሚደረገው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ወታደሩ ከመሄዱ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ ቀርቦ ለባለቤቱ ወይም ለሚያምነው ዘመድ ውክልና እንዲሰጥ ማሳሰብ፣ ከተቻለም አብሮ ሄዶ ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ሥልጣኑ ተለይቶ የተጻፈበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በተጨማሪም ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል። ስለዚህ መርዶ ከመጣ በኋላ በቆየው ውክልና ገንዘብ ማውጣት ወይም ውል መዋዋል፣ በቅን ልቦና ቢደረግም እንኳ፣ ቤተሰቡን ለክስ ሊያጋልጥ ይችላል።

ወታደሩ ከተሰዋ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሠራዊቱንም ስለሚያካትት ቤተሰቡ የተተኪ አበል የመጠየቅ መብት አለው። ተተኪ የሚባሉትም ሚስትና ልጆች ብቻ አይደሉም፤ በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆችም ሊካተቱ ይችላሉ፣ ይህንን የማያውቁ አባቶችና እናቶች ግን ጥቂት አይደሉም። ለጥያቄው የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያ መዘጋጀት አለባቸው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ብዙዎች በእጃቸው ያለው በእጅ የተጻፈ ሰማንያ ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ እርሱም የላቸውም። ባልየው በሕይወት ሳለ፣ ለፈቃድ በመጣበት ሳምንት፣ ጋብቻውን አብሮ ሄዶ ማስመዝገብ በኋላ በፍርድ ቤት ምስክር ከማሰማት እጅግ ይቀላል።

ወረቀት ሲባል የፊደል ጉዳይም አብሮ ይነሣል። ባሏ ከተሰዋባት ጎረቤቴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። በጋብቻ ወረቀቱ ላይ የሟቹ አባት ስም በ«ፀ» ተጽፏል፤ በወታደራዊ መታወቂያው ላይ ደግሞ በ«ጸ»። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያያቸው ቆየና «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለን። እርሷ ምንም ሳትመልስ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ እኔ ግን እስከ ደረጃው ድረስ ስከራከር እንደ ነበር አልክድም፣ ክርክሩም አልጠቀመንም። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም የዘማች ቤተሰብ የምሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ይህ ነው፦ ያለውን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ስሞቹን ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ የተለዋወጡበትን፣ በክርስትና ስም የተጻፈውንና የአያት ስም የቀረበትን በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቦ እርማቱን ጊዜ ሳለ ማስጀመር። ኮፒው በፕላስቲክ ፎልደር ይቀመጥ፤ ዋናው ሰነድ ግን ከቤተሰቡ እጅ መውጣት የለበትም፣ እኛ ጸሐፊዎችም ብንሆን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ማለት አይገባንም።

በከተማው ምሥራቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች የቀላል ባቡሩ መስመር ሁለት ጠቃሚ ቦታዎች ላይ ያደርሰናል። መስመሩ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ላይ ይቆማል። ስታዲየም አካባቢ ብሔራዊ የደም ባንክ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤናማ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የውጊያ ዜና በተሰማ ማግስት መሰለፍ መልካም ነው፤ ሆኖም የተለገሰ ደም ለሳምንታት እንጂ ለወራት ስለማይቆይ ሁሉም በአንድ ቀን ሰጥቶ ቢቀር ብዙም አይረዳም። ከአንድ ብሎክ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በወር አራት አራት ሆነው ቢከፋፈሉ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ልገሳ ይኖራቸዋል።

በመስመሩ መጨረሻ የሚገኘውን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የጥየቃ ሰዓቱን ማረጋገጥ፣ ምግብ ከመያዙም በፊት ነርሶችን መጠየቅ አለበት። ዘመዶቹ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ ጠያቂ የሌለው ቁስለኛ ከምግብ ይልቅ ነጠላ ጫማ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ሊፈልግ ይችላል። አንዳንዱ የሚፈልገው ወሬ ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ እህል ዋጋ። እንዴት እንደ ቆሰለ እርሱ ካልጀመረ አይጠየቅ፤ ፎቶም ማንሣት አይገባም።

ስለ ስንቅ ጥቂት ማለት ይገባል፣ ምክንያቱም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በየሰፈሩ ሲዘጋጅ ያየነው ስንቅ ሁሉ በደንብ የተዘጋጀ አልነበረም። ድርቆሽ የሚሆነው እንጀራ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ መሃሉ ሲሰበር ቀጭ ካላለና እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ገና ነው፣ በክረምት ደመና ሥር የደረቀው ደግሞ በሳምንቱ ይሻግታል። በሶ ከወፍጮ እንደ ወጣ ትኩሱን በላስቲክ ከታሰረ ራሱ በሚያወጣው እንፋሎት ይበላሻል፤ ሰፊ ዕቃ ላይ ዘርግቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቅቤ የሌለበት ስንቅ ለጾመኛውም ይሆናል፣ ቶሎም አይጎመዝዝም። አንድ ሰው በሻንጣው ሊይዘው እንዲችል ከሁለት ኪሎ ባልበለጠ መጠን ይታሰር፤ የተዘጋጀበት ቀንም ይጻፍበት። በግል መንገድ ላይ ለሚያገኙት መኪና ከመስጠት ይልቅ በወረዳው በኩል አስረክቦ የርክክብ ሰነድ መቀበል ይሻላል። ቤት ለቤት ዞሮ «ለሠራዊቱ ነው» እያለ ጥሬ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሲመጣም ደብዳቤና ሕጋዊ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ትክክለኛ ሰብሳቢ ከሆነ አይቀየምም።

ከሠራዊቱ የተሰናበተን ሰው መቅጠር የሚችል ባለ ጋራዥ፣ ባለ ሱቅ ወይም ሥራ ተቋራጭ ደግሞ የጥበቃ ሥራ ከማቅረቡ በፊት የሥራ ልምዱን ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። በሠራዊቱ ውስጥ ከባድ መኪና የነዳ፣ ሞተር የፈታ፣ ቁስል ያሰረ፣ ለመቶ ሰው ያበሰለና የንብረት መዝገብ የያዘ ሰው አለ። ወታደር የነበረ ሁሉ በር ላይ ይቁም ማለት ለቀጣሪውም ኪሳራ ነው።

የማይደረገውም ከሚደረገው እኩል ያስፈልጋል። የሠራዊት ጉዞ በሰፈራችን ሲያልፍ ቀርጾ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ፣ ሚስትን «አሁን የት ግንባር ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ፣ ያልተረጋገጠ የሞት ወሬ መቀባበል ሁሉ ጉዳት ያስከትላል። መርዶ ከተረጋገጠ በወጉ ማለዳ፣ ዘመድ ቀድሞ ተጠርቶ፣ በሽማግሌዎች ይነገር፤ ልጆቹ ከስልክ ላይ ሊያነቡት አይገባም።

በመጨረሻም የእድር ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። በአብዛኛው እድር ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል፤ ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ደግሞ ሁሌም ቀሪ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ አሰጥቶ «በግዳጅ ላይ ያለ አባል ከቀሪ ቅጣት ነፃ ነው፤ ወርሃዊ መዋጮውም እስኪመለስ ድረስ ይቆይለታል» የሚል አንቀጽ ማስገባትና በቃለ ጉባኤ ማስፈረም አንድ እሑድ ጠዋት ይበቃዋል። አንቀጹ ከመጽደቁ በፊት የተመዘገበውን ቅጣት መሰረዝ እንዳይረሳ። እኛ ረስተነው ነበር፤ አንዱ አባላችን ከሁለት ዓመት በኋላ በክራንች ተደግፎ ወደ ስብሰባ ሲመጣ ሒሳብ ሹማችን እንደ ልማዱ መዝገቡን ገልጦ የዐሥራ አንድ ቀብር ቅጣት አነበበለት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውዬው ሳቀና ኪሱ ገባ፤ ሒሳብ ሹሙ ግን ቀይ እስክሪብቶ ከጎኑ ካለው ሰው ተውሶ ዐሥራ አንዱንም መስመር አንድ በአንድ ሰረዘ።