የሰውን ቃል በእንግሊዝኛ «ቱ» እንዴት ማስተላለፍ እንደሚቻል

ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ደንበኞች በአማርኛ የሚነግሩኝን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለሌላ ክፍል አስተላልፋለሁ። የሌላን ሰው ቃል በዚህ መንገድ የምታስተላልፉ ከሆነ በመጀመሪያ ሐሳቡን በአማርኛ ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉት። «ለመክፈል ተስማማ»፣ «ለመርዳት ቃል ገባ»፣ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» የሚል ከሆነ ተናጋሪውና ድርጊቱን የሚፈጽመው አንድ ሰው ስለሆነ፣ አግሪ፣ ፕሮሚስ፣ ሪፊዩዝ፣ ኦፈር ከሚሉት ግሶች ቀጥሎ ቱን (to) ማስገባት ይበቃል፦ «ሂ አግሪድ ቱ ፔይ»።

ችግሩ የሚመጣው አማርኛው «እንድ» ሲል ነው። «ሰነዱን እንድልክ ጠየቀችኝ» ስንል ላኪው ማን እንደሆነ «እንድልክ» የሚለው ግስ ራሱ ይናገራል፤ «ጠየቀችኝ» ላይ ያለችው «ኝ»ም ታጸናዋለች። የእንግሊዝኛው «ቱ ሴንድ» ግን እንደ እኛ «መላክ» የግስ አርእስት (ባለቤቱን የማይጠራ ቅርጽ) ነውና እኔም፣ አንተም፣ እሷም የሚል ምልክት የለበትም። ስለዚህ በአማርኛው ግስ ውስጥ ያለውን ሰው አውጥታችሁ ከቱ በፊት ለብቻው ልታቆሙት ይገባል፦ «ሺ አስክድ ሚ ቱ ሴንድ ዘ ዶክዩመንትስ»። ቴል (መንገር)፣ አድቫይስ (መምከር)፣ ዋርን (ማስጠንቀቅ)፣ ሪማይንድ (ማስታወስ) እና ኦርደርም (ማዘዝ) ይህንኑ ይፈልጋሉ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ደንበኛ ለጨረታ የሚያስፈልጋትን ሰነድ እንድንልክላት ስትጠይቀኝ፣ «ሚ» የምትለውን ቃል ዘልዬ «ሺ አስክድ ቱ ሴንድ ዘ ዶክዩመንትስ» ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ትርጉሙ ግን «ራሷ ለመላክ ጠየቀች» ሆነ። ባልደረቦቼ የእሷን፣ እሷም የእኛን ስትጠብቅ አራት ቀን አለፈና ጨረታው አመለጣት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ግሱ ቴል ቢሆን ኖሮ የጎደለው ሰው ወዲያው ይታይ ነበር፤ አስክ ግን ሰው ኖረም አልኖረም ስለሚያስኬድ ስህተቱን ይሸፍነዋል። በተለይ እሱን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ለአሉታ ኖትን ከቱ በፊት አስቀምጡ፦ «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ዌይት»። ድርጊቱ ትናንት ቢሆንም ከቱ በኋላ ያለው ግስ ወደ ኃላፊ ጊዜ አይለወጥም።

«ጠብቅ አለኝ» የሚለውን ቃል በቃል መልሳችሁ «ሂ ሴድ ሚ ቱ ዌይት» አትበሉ፤ ቦታው የቴል ነው። ሰጀስትም (ሐሳብ ማቅረብ) ይህን አሠራር አይቀበልም፤ «ሂ ሰጀስትድ ሚ ቱ ዌይት» በየቢሮው ብሰማውም ትክክሉ «ሂ ሰጀስትድ ዛት አይ ዌይት» ነው።

የስልክ መተርጎሚያ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ቢሰጣችሁም ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አያስረዳችሁም። እኔን የጠቀመኝ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከመጽሐፍ አዟሪ የገዛሁት፣ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ግሱ ከቱ በፊት ሰው ይፈልግ እንደሆነ ከፍቺው አጠገብ ያሳያል። ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት በእያንዳንዱ ቱ ላይ ቆም ብላችሁ «የሚፈጽመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ተናጋሪው ራሱ ካልሆነ ስሙን ወይም ተውላጠ ስሙን አስገቡ።