ሜታል ነው ወይስ ኖንሜታል? በቤት ዕቃ ፈትኑት

ታናሽ እህቴ እንጅባራ ቤታችን ተቀምጣ "ኖንሜታል አያብረቀርቅም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ይሰባበራል" እያለች ስትሸመድድ ሰማኋት። ደብተሩን ዘጋነውና ቤት ያለውን ነገር መፈተን ጀመርን። እናንተም ሞክሩት።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣ ነጭ የኤልኢዲ መብራት፣ ቁርጥራጭ ሽቦ እና መዶሻ። የሚፈተኑት ደግሞ የመዳብ ሽቦ፣ ከሰል፣ የመጻፊያ እርሳስ፣ ከገበያ ከተገኘ ድኝ። ከሰሉስ እኛ ጋ አይቸግርም፤ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ያከስላል።

መጀመሪያ መዶሻው። ፍንጣሪ ዓይን እንዳይገባ ዕቃውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ምቱት። መዳቡ ጠፍጠፍ ይላል እንጂ አይሰበርም። ከሰሉ ይፈረካከሳል፣ ድኙ ዱቄት ይሆናል። በሜታል ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ የጋራ ስለሆኑ አተሞቹ ቢንሸራተቱም ተያይዘው ይቆያሉ። ድኝ ግን ስምንት ስምንት አተም ሆኖ ቀለበት የሠራ ነው፤ ቀለበቶቹ እርስ በርስ የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ ቶሎ ይለያያሉ፣ በ115 ዲግሪ አካባቢም ይቀልጣል። ድኝ ቤት ውስጥ እንዳታቃጥሉ፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። ሁለቱን ድንጋዮች አከታትላችሁ አስቀምጡ፣ የመብራቱን ረጅም እግር ወደ ፖዘቲቭ አዙሩ፣ የሚፈተነውን ነገር መሃል አስገቡ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም እንዳታገናኙት! በመዳብ ቦግ ይላል። በድኝ የለም። በከሰልም አብዛኛውን ጊዜ የለም። አሁን እርሳሱን በሁለቱም በኩል ቅረጹትና ጫፍና ጫፉን አገናኙ።

በራ!

እህቴ "እንዴ፣ ይሄ ካርቦን፣ ኖንሜታል አይደል እንዴ?" አለች። ነው። የእርሳሱ እምብርት ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነትና ሸክላ ነው። በግራፋይት ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ይያያዛል፣ አራተኛው ኤሌክትሮን በንብርብሩ ላይ እንደልቡ ይሄዳል፣ መብራቱን ያበራው እሱ ነው። አልማዝም ካርቦን ነው፤ ግን አራቱም ስለታሰሩ አያስተላልፍም።

ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ። አዮዲን ያብረቀርቃል፣ ግን ኖንሜታል ነው። ሜርኩሪ ፈሳሽ ነው፣ ግን ሜታል። መልኩን፣ መዶሻውን፣ ኤሌክትሪኩን አንድ ላይ አይታችሁ ወደሚያደላበት መድቡት።

መሃል የሚቀሩትስ? ሜታሎይድ የምንላቸው እነሱ ናቸው፦ ቦሮን፣ ሲልከን፣ ጀርማኒየም፣ አርሰኒክ፣ አንቲሞኒ፣ ቴሉሪየም። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) ላይ ከቦሮን ጀምሮ እንደ ደረጃ የሚወርደውን መስመር ተከተሉ፣ ዳርና ዳሩን ታገኟቸዋላችሁ። ሲልከን እንደ ሜታል ያብረቀርቃል፣ ብትመቱት ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሜታል ሲሞቅ ማስተላለፉ ይቀንሳል፤ ሲልከን ሲሞቅ ይጨምራል። ትንሽ ፎስፈረስ ወይም ቦሮን ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ማስተላለፉ በጣም ያድጋል።

ይህን ለማየት ሩቅ አትሂዱ። ጣሪያ ላይ ያለውን ሶላር አውርዳችሁ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥቁር ሰማያዊው ሲልከን ነው፣ ሜታሎይድ። በላዩ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ኤሌክትሪኩን የሚሰበስቡ ሜታል ናቸው። ከላይ የሸፈነው መስታወት ደግሞ በአብዛኛው ያው ሲልከን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው፤ እሱ ጭራሽ አያስተላልፍም።