ወደ ኤንኤችኤል 94 የሚመለሱ ተጫዋቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤንኤችኤል 94 የተባለው የበረዶ ላይ ሆኪ ቪዲዮ ጌም፣ ስሙን ከሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ከኤንኤችኤል የወሰደው፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ግን አልሞተም። ዛሬም ሊግ አቋቁመው የሚጫወቱ፣ የጌሙን ተጫዋቾች በድራፍት ማለትም ተራ በተራ እየመረጡ የሚከፋፈሉ፣ ስለ አንዲት ጎል እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። ወደ እነዚህ ሰዎች ትዝታ እየጎተተው የሚመጣ አዲስ ገቢም አይጠፋም። በልጅነቱ የሰፈሩ አንደኛ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ጎል እንደ ጉድ ይዘንብበታል።

ጣቱ ስለዛገ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ተመላሽ የሚጫወተው በቴሌቪዥን የሚያየውን ሆኪ ነው። የጌሙ ካሴት ውስጥ ያለው ሆኪ ግን የራሱ ሕግ አለው። አንዳንዱ ሕግ በሠሪዎቹ ታስቦበት የገባ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አምልጧቸው የቀረ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ። የማወራው በዋናነት ሴጋ ጀነሲስ በተባለው የጌም ማሽን ስለሚሠራው ቅጂ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሜጋ ድራይቭ የሚባለው ማለቴ ነው።

በስም መምረጥ

አዲስ ገቢ ዌይን ግሬትስኪን ፍለጋ ሎስ አንጀለስን ይመርጣል። የምንጊዜም ታላቁ ተጫዋች አይደል? ነው። ግን ጌሙ ለየተጫዋቹ የሰጠው የብቃት ነጥብ የተወሰደው ከ1992–93 የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ግሬትስኪ በጀርባ ሕመም ምክንያት የዓመቱን ግማሽ ያህል አልተሰለፈም፤ የተጫወተው 45 ጨዋታ ብቻ ነው። ካሴቱ የሚያውቀው ዝናውን ሳይሆን ያንን ዓመት ነው።

በተቃራኒው የቺካጎው ጄረሚ ሮኒክ በዚያው ዓመት 50 ጎል አስቆጥሮ ነበር። ጌሙ ውስጥ ፈጣን ነው፣ ሲመታ አይስትም፣ ፓኩን፣ ማለትም ሆኪ ላይ በኳስ ፋንታ የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ነገር፣ በቀላሉ አይነጠቅም። ከእውነተኛ ሥራው ይልቅ በዚህ ጌም የሚያውቁት ሰዎች አሉ ቢባል ማጋነን አይደለም። ቡፋሎ ላይ አሌክሳንደር ሞጊልኒ አለ፤ በዚያ ዓመት 76 ጎል ያገባ ሰው ነው። ዲትሮይት ላይ አይዘርማንና ፌዶሮቭ አሉ። ቫንኩቨር ላይ ፓቬል ቡሬ አለ፤ ከኋላው ደርሶ የሚይዘው ተከላካይ ማግኘት ከባድ ነው።

እና ኦታዋን መርጣችሁ ብትሸነፉ አትደነቁ። ኦታዋ በዚያ ዓመት ከ84 ጨዋታ ያሸነፈው 10 ብቻ ነበር፣ 70 ተሸንፏል። ጌሙም ይህን አልረሳላቸውም።

በግዙፍ ሰው መመካት

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ። ሆኪ ውስጥ መጋጨት አለ፤ ከባዱ ሰው ቀላሉን ይጥለዋል። ማንም ጤነኛ ሰው ድራፍት ላይ ሲቀመጥ ለመከላከል ግዙፍ ግዙፉን ይመርጣል። ሳይንሱም ይደግፈዋል።

ጀነሲሱ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፕሮግራሙ ስሌት ላይ ክብደት በስህተት ተገልብጧል። ቀላሉ ተጫዋች ከባዱን ሲገጨው ያሽቀነጥረዋል፤ ከባዱ ቀላሉን ሲገጨው ብዙ ጊዜ ነጥሮ ይመለሳል። ተጫዋቾቹ የክብደት ስህተት ብለው የሚጠሩት ይህንን ነው። የካልጋሪው ቲዎ ፍሉሪ ጥሩ ማሳያ ነው። ቁመቱ 168 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ፣ በሊጉ አጭር ከሚባሉት አንዱ የነበረ ሰው ነው። እዚህ ጌም ላይ ግን ሁለት ሜትር የሚጠጋውን ተከላካይ በጀርባው አስተኝቶት ፓኩን ይዞ ይሄዳል። አይቶ አለመሳቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ድራፍት ላይ ጠቅላላ ነጥቡን ብቻ አይቶ መምረጥ ገንዘብ ሳይቆጥሩ እንደመቀበል ነው። ያ ቁጥር የብዙ ነገር ድምር ነው፤ ከድምሩ ውስጥ ግማሹ ለእናንተ ላይጠቅም ይችላል። ለምሳሌ ሊጋችሁ የመስመር ቅያሬን (የደከሙትን ተጫዋቾች በሌሎች መተካትን) አጥፍቶ የሚጫወት ከሆነ ተጫዋች አይደክምም። ያኔ የጽናት ነጥቡ ዘጠና ሆነ ሃያ ምን ይፈይዳል? መታየት ያለበት ፍጥነት፣ ቅልጥፍና፣ ፓክ አያያዝና የአመታት ትክክለኛነት ነው። ክብደት ደግሞ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አምስተኛና ስድስተኛ ዙር ላይ ማንም ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ቀጭን ልጅ ሲመርጡ ካያችሁ፣ እብድ ሆነው አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ በየጨዋታው ተጫዋቾችን ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። ትናንት አልያዝ ያለው አጥቂ ዛሬ እግሩ የታሰረ ሊመስል ይችላል። በአንድ ጨዋታ ብቻ ሰው ላይ ፈርዳችሁ ከአሰላለፍ አታውጡት።

ከሩቅ መጠለዝ

የመምቻውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትቆዩ ኃይለኛ ምት ይወጣል። ነካ አድርጋችሁ ስትለቁ ቀላል ምት ይሆናል። ጀማሪ ኃይለኛውን ይወደዋል፤ ድምፁም ደስ ይላል። ችግሩ በረኛው ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየውን ምት ብዙ ጊዜ አይለቅም።

ይህ ቅጂ ለተከታታዩ ጌም ያመጣው ትልቁ አዲስ ነገር ዋን ታይመር ነው። የተቀበለው ሰው ፓኩን ሳያቆም በቀጥታ ይመታዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ፓኩ በግራ በኩል ባለው አጥቂያችሁ እጅ ነው እንበል። አቅጣጫውን ወደ ቀኝ ይዛችሁ የማቀበያውን ቁልፍ ቢን ትጫናላችሁ፤ ፓኩ በጎሉ ፊት አቋርጦ መንሸራተት ይጀምራል። ገና ሳይደርስ የመምቻውን ቁልፍ ሲን ትጫናላችሁ። ቀኝ ያለው ሰው ዱላውን ወደ ኋላ ያነሳል። ፓኩ ሲደርስ ዱላው ይወርዳል። በረኛው ገና ከግራው ቋሚ እየተነሳ ነው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ሲን የሚጫኑት ፓኩ ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ሰውየው ተቀብሎ እንደ ማንኛውም ምት ይመታል፤ በረኛውም በሰላም ቦታው ደርሶ ይጠብቀዋል። ጣታችሁ ከዓይናችሁ መቅደም አለበት። ሁለተኛ፣ ዋን ታይመር ስለሆነ ብቻ ይገባል ብለው ያስባሉ። አይገባም። ያቀበለውም የተቀበለውም በአንድ ወገን ከቆሙ በረኛው የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ እዚያው ቆሞ ይይዘዋል። ጎሉን የሚያመጣው የፓኩ ፍጥነት ሳይሆን በረኛው እንዲያቋርጥ መገደዱ ነው።

በጎሉ አፍ መቻኮል

ዋን ታይመር የሚሰጥ ጓደኛ ከሌለ፣ ሌላው ዋና ጎል የሚገኘው በበረኛው ፊት በማቋረጥ ነው። ከአንዱ ጎን ትገባላችሁ። ከጎሉ መስመር ጋር ትይዩ ሆናችሁ ፊቱን ትሻገራላችሁ። በረኛው ዘግይቶ ይከተላል። አንድ ክፍተት ለአፍታ ይከፈታል። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚበላሸው፤ ሙሉ ኃይል ሊመታ ቁልፉን ተጭኖ ይቆያል። ዱላው ተነስቶ እስኪወርድ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ወይም ከኋላ የመጣ ተከላካይ ይደፋዋል። እዚያ ርቀት ላይ ነካ ማድረግ በቂ ነው። አቅጣጫውን ክፍት ወደሆነው ጥግ ያዙ፣ ንኩ፣ አለቀ።

ተጫዋቹ ዱላውን በየትኛው በኩል እንደሚይዝም ልብ በሉ። ጌሙ ግራኝና ቀኝ ይለያል።

ሲን መደብደብ

ፓክ በሌለበት ጊዜ ሲ የመሮጫና የመግጫ ቁልፍ ነው። ጀማሪው ይህንን ካወቀ በኋላ አያርፍም። ሲ፣ ሲ፣ ሲ። ተከላካዩ ልክ እንደተወረወረ ድንጋይ ባላንጣውን አልፎት ይሄድና ከኋላው ባዶ ሜዳ ይቀራል። የለመደ ተጋጣሚ ይህን ይጠብቃል፤ ወደ ጎን እልፍ ብሎ ያሳልፋችኋል። ይልቅ ሰውየውን ወደ ግድግዳው ግፉት፤ መሃሉን ያዙ፤ ሲን ለእርግጠኛዋ ግጭት አስቀምጧት።

በረኛውን ረስቶ መሄድ

በረኛን በእጅ መቆጣጠር የሚቻለው ከዚህ ቅጂ ጀምሮ ነው። ኮምፒውተሩ ይጠብቅልኝ ማለትም ይቻላል። ጠንካራ ተጫዋቾች በእጅ ይመርጣሉ፤ በአውቶማቲክ የሚጠብቀው በረኛ የሚሸነፍባቸውን ምቶች ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቅ ነው። የፊቱን የማቋረጥ ጎል የሚያቆመው ሰው ብቻ ነው።

ዋጋው ግን አለው። ፓኩ በእናንተ እጅ ካልሆነ ቢ የሚወስዳችሁ ለፓኩ ቅርብ ወደሆነው ሰው ነው። ፓኩ ጎሉ አጠገብ ከሆነ ያ ሰው በረኛው ነው። ከዚያ ፓኩ ወደ ጥግ ይንሸራተታል። እናንተ ተከላካዩን ይዤዋለሁ ብላችሁ ወደ ጥግ ታሽከረክራላችሁ። የሚሄደው በረኛው ነው። ጎሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተጋጣሚያችሁ ደግሞ ሰው ነው፤ ሳቁን እየተቆጣጠረ ወደ መሃል ያቀብላል።

መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ፓኩ ከጎሉ በራቀ ቁጥር መጀመሪያ ቢ፣ ከዚያ እንቅስቃሴ። በረኛን በእጅ መጠበቅ የጀመረ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከበፊቱ ይብሳል። ተስፋ ቆርጦ ወደ አውቶማቲክ የሚመለስም ብዙ ነው። ይህ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው።

ድብድብ መፈለግ

የለም። የቀደመው ጌም፣ ኤንኤችኤልፒኤ 93፣ ድብድብ ነበረው፤ ደም እንኳን ይፈስስበት ነበር። ይሄኛው የኤንኤችኤልን ፈቃድ ሲያገኝ ድብድቡ በኤንኤችኤል ፍላጎት ወጥቷል። ቁልፍ መነካካታችሁን ተዉ።

በተሳሳተ ማሽን መለማመድ

ይህ ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ ማሽኖች በሰከንድ 50 ምስል ያሳያሉ፤ የሰሜን አሜሪካዎቹ 60። ጌሙ ሰዓቱን የሚቆጥረው በምስሉ ስለሆነ በአውሮፓው ማሽን ወደ 17 በመቶ ቀስ ይላል። በዝግታው የለመደ ጣት ፈጣኑ ላይ ሲመጣ ዋን ታይመሩ ሁሉ ይበላሽበታል። ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ከሆነ ክልሉ አሜሪካ ላይ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ። ሊጎቹ የሚጫወቱት በ60 ነው።

ሁለተኛው ጠላት ዘመናዊ ቴሌቪዥን ነው። ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ይወስዳል። እናንተ ሲን ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ያለፈ ነገር ነው። ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የጌም ሞድ የሚባል ምርጫ አላቸው፤ እሱን አብሩት። ፊት ለፊት በሚደረጉ ውድድሮች ላይ ሰዎች ያንን የድሮ ከባድ ቴሌቪዥን ተሸክመው የሚመጡት ለናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መዘግየት ስለሌለው ነው።

ሁሉንም ቅጂ አንድ አድርጎ ማየት

ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባለው ሌላ የጌም ማሽን የወጣው ቅጂ በሌላ ቡድን የተሠራ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም አካሄዱ ሌላ ነው፤ የራሱ ሊግና የራሱ ጀግኖች አሉት። አንዱ ላይ የተማራችሁትን ሌላው ላይ በእርግጠኝነት አትጠብቁ። የጌሙ አሳታሚ ኢኤ በ2013 ኤንኤችኤል 14 ውስጥ ያስገባው የመታሰቢያ ሞድም በአዲስ ጌም ላይ የተቀባ የድሮ ቀለም ነው። ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ለልምምድ አይሆንም። በ2020 ከኤንኤችኤል 21 ጋር የወጣው ሪዋይንድ ግን ለዋናው በጣም ይቀርባል፤ ተጫዋቾቹ ብቻ የ1993 ሳይሆኑ የ2020 ሰዎች ናቸው።

ሕግ ሳይጠይቁ መግባት

ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የሚስማሙባቸው ነገሮች አሉ። አብዛኛው ሊግ የሚጫወተው በአምስት ደቂቃ ፔሬድ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ሦስት ክፍሎች አንዱ ማለት ነው)፣ ቅጣት ጠፍቶ ነው። ግን ሁሉም እንዲያ አይደለም። ቅጣት በርቶ ኦፍሳይድ ብቻ የሚጠፋበት ምርጫም አለ። ጠይቁ። ስለጠየቃችሁ የሚናደድባችሁ ሰው አይኖርም። ሳይጠይቁ ገብቶ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ ክርክር የሚያነሳ ሰው ግን ሁለተኛ ቀጠሮ አያገኝም።

ኦንላይን ስትጫወቱ ደግሞ የሁለታችሁም የጌም ፋይል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አድናቂዎቹ ጌሙን በየጊዜው ያድሱታል፤ የዛሬ ቡድኖችና የዛሬ ተጫዋቾች የገቡበት ፋይል ሞልቷል። ስሙ ተመሳሳይ፣ ውስጡ የተለያየ ፋይል ይዛችሁ ከተገናኛችሁ ሁለታችሁም የተለያየ ጨዋታ ታያላችሁ። እናንተ ጋ ጎል ሆኗል፣ እሱ ጋ በረኛው ይዞታል። ከዚያ ማን አጭበረበረ የሚል ጭቅጭቅ ነው። ሊጉ የሚሰጠውን ፋይል ብቻ ተጠቀሙ።

ስምንት ጎል ሲቆጠርባችሁ መስመሩን አትቁረጡ። ጨርሱት። ከዚያ ያሸነፋችሁን ሰው ያንን ሦስተኛ ጎል እንዴት እንዳገባው ጠይቁት። አብዛኞቹ ሳይጠየቁም ሊያወሩት ዝግጁ ናቸው፤ እንዲያውም የማስቆሙ ሥራ የእናንተ ነው።