ያበጠ ኦቫሪ ሁሉ ዕጢ አይደለም

ጎንደር ውስጥ አልትራሳውንድ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ለጀማሪ ሐኪሞች ነው። «የኦቫሪ ዕጢ» (ኦቫሪ የሴት እንቁላል ማፍሪያ ነው) ተብለው ከሚላኩልን ሴቶች አልፎ አልፎ አንዷ ዕጢ የለባትም። ኦቫሪዋ በውሃ አብጦ ነው። ማሲቭ ኦቫሪያን ኢዲማ ይባላል፤ በስሙ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ብርቅ ነው፣ ካንሰርም አይደለም። ጣጣው ግን ካንሰር መስሎ ኦቫሪው ተቆርጦ መውጣቱ ነው። የሚይዛቸው ደግሞ በብዛት ገና ያልወለዱ ወጣቶች ናቸው።

አብዛኛውን ጊዜ ኦቫሪው በተንጠለጠለበት ግንድ ላይ በከፊል ይጠማዘዛል። ግድግዳቸው ስስ የሆነው ደም መልስና የሊምፍ ቱቦዎች ይታፈናሉ፤ ደም ቅዳው ግን መግፋቱን አያቆምም። የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው አይወጣም። ቀኙ ኦቫሪ ያዘወትረዋል።

ፕሮቡን፣ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ፣ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። እናት «ቆርጧት ቆርጧት ይተዋታል» ካሉ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ እየመጣ የሚሄድ ሕመም ጥምዘዛን ያስጠረጥራል። ከዚያ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» እላለሁ። ልጅቷ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ላታስታውስ ትችላለች። «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» ሲሏት ግን ቶሎ ትመልሳለች። የእርግዝና ምርመራ አይዘለል። አገጯ ላይ ፀጉር በቅሎ፣ ድምጿ ጎርንኖ እንደሆነም ጠይቁ፤ ያበጠው ኦቫሪ አንዳንዴ የወንድ ሆርሞን ያመነጫል። ፀጉሩን ተላጭታ ስለምትመጣ በዓይን ብቻ አትመኑ።

ላላገባች ልጅ ከሆድ ላይ ነው የምናየው። ፊኛዋ ይሙላ፤ ውሃ ጠጥታ ትጠብቅ። ማንም ቢያስቸኩላችሁ ፊኛው ሳይሞላ አትጀምሩ፣ አንጀት ይጋርዳችኋል። ኦቫሪው ትልቅና ድፍን ሆኖ ሲታይ መሃሉ ላይ አትፍዘዙ፣ ወደ ጠርዙ ሂዱ። ትንንሽ ፎሊክሎች (እንቁላል የሚያድግባቸው ከረጢቶች) እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ዳር ዳሩን ተደርድረው ካያችሁ ኢዲማን አስቡ። ከሌላኛው ኦቫሪ ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱም እንዲህ ከሆኑ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪም (ብዙ ትንንሽ ፎሊክሎች የሚይዝ ኦቫሪ) ሊሆን ይችላል። ግንዱንም ፈልጉ፣ የተጠመዘዘ ነገር ሊታይ ይችላል።

የደም ዝውውርን በሚያሳየው ዶፕለር ላይ ደም ሲዘዋወር ታየ ብላችሁ «አልተጠማዘዘም» አትበሉ። በከፊል ሲጠማዘዝ ደም ቅዳው ይሠራል፣ አልኩ እኮ። ኤምአርአይ ከተገኘ በቲ2 ምስል ላይ መሃሉ በውሃው ምክንያት ደምቆ ይታያል። የዕጢ ጠቋሚ የደም ምርመራዎች፣ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ፣ ኤልዲኤች፣ ይታዘዙ። ደህና መሆናቸው ያበረታታል እንጂ ነገሩን አይዘጋውም። ሲኤ 125 የተባለው ሌላ ጠቋሚ ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ አትደንግጡ፤ ካንሰር ሳይኖርም ይጨምራል።

ሪፖርቱ ላይ «ዕጢ» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። እኔ «ድፍን እብጠት፣ ዳሩ ላይ ፎሊክሎች ያሉት፤ በከፊል የተጠማዘዘ ኦቫሪና ኢዲማ ይታሰብ» ብዬ እጽፋለሁ። ቀዶ ሐኪሙንም ስልክ ደውዬ አናግረዋለሁ፤ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሆዱ ሲከፈት ኦቫሪው ነጭና የሚያብረቀርቅ ይሆናል፣ ሲቆረጥም ንጹህ ውሃ ይንጠባጠባል። ጥምዘዛው ይፈታል፣ ትንሽ ቁራጭ ለፓቶሎጂ ይላካል። እዚያው ቀዶ ጥገናው ላይ ሳለ በፍሮዝን ሴክሽን (ቁራጩን አቀዝቅዞ ወዲያው በመመርመር) መታየት ከተቻለ እሰየው። ካልተቻለ፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ሌላ ነገር እስከሌለ ድረስ፣ የወጣት ልጅ ኦቫሪ ውጤቱ እስኪመጣ ቢቆይ ይሻላል። እንደገና እንዳይጠማዘዝ በስፌት ማሰርም ይቻላል።

ስትወጣ ለእሷም ለእናቷም የሚነገር ነገር አለ፦ ያ ሕመም ከተመለሰ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ።