መጋዙን ከመገልበጣችሁ በፊት

በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት፣ ሱቄን ከፍቼ መጀመሪያ የምሄደው ወደ መጋዙ ነው። የጠረጴዛው ብረት ካላበው በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ሶኬቱ መነቀሉን በዓይኔ አያለሁ። ከዚያ ዲስኩን በእጄ ቀስ አድርጌ አንድ ዙር አዞረዋለሁ፤ የሚፋተግ ወይም የሚወላገድ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ሻይ የማዘው ከዚህ በኋላ ነው።

መጋዜ ሁለት በአንድ የምንለው ዓይነት ነው። እንዳለ ስትጠቀሙበት እጀታውን ወደ ታች እየተጫናችሁ እንጨት ታሳጥሩበታላችሁ፤ የበርና የመስኮት ክፈፍ በ45 ዲግሪ ትቆርጡበታላችሁ። ጠረጴዛውን ስትገለብጡት ደግሞ ሞተሩ ከታች ይገባና ዲስኩ በጠረጴዛው ስንጥቅ ብቅ ይላል። ያኔ ጣውላ በቁመቱ የሚሰነጠቅበት የጠረጴዛ መጋዝ ሆነ ማለት ነው። ሱቁ ለጠበበና ዕቃውን ጭኖ ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ጥሩ ማሽን ነው። እኔ እወደዋለሁ።

ግን አደጋው ያለው መገልበጡ ላይ ነው። ማሽኑ ሲገለበጥ የእጃችሁም ሥራ ይገለበጣል። በመጀመሪያው አሠራር እንጨቱ ይቆማል፣ ዲስኩ ይመጣል፤ የግራ እጃችሁ ሥራ እንጨቱን ከመደገፊያው ጋር አጣብቆ አለማነቃነቅ ነው። በሁለተኛው ዲስኩ ቦታው ላይ ነው፣ የሚሄደው እንጨቱ ነው። ጀምራችሁ ማሽኑን ሳታጠፉ መሃል ላይ እጃችሁ ከቆመ አለቀ።

ይህን ያየሁት ሥራ በሚማርልኝ ልጅ ላይ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ክፈፍ ሲቆርጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ገልብጬ የባሕር ዛፍ ሞራሌ፣ ማለትም አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት፣ ሰንጥቅ አልኩት። ግማሽ ድረስ ገፋ። ከዚያ ድምፁ ሲከብድ ጊዜ፣ ጠዋት እንደለመደው እንጨቱን ጫን አድርጎ ያዘው። ሞራሌው ተወርውሮ ከጎድኑ በታች መታው። ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተቀመጠ፤ «አብሽር ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለኝ፣ ትንፋሹ ግን አልመጣም ነበር። ጣቱ አልተነካም፣ አላህ ይመስገን። ጥፋቱ የኔ ነበር። ማሽኑን ገልብጬ ሰጠሁት እንጂ እጁ እንደሚቀየር አልነገርኩትም። ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመውን የብረት ምላስም አላሰርኩለትም።

ስለዚች ምላስ ትንሽ ልቆይ። በጠረጴዛው አሠራር የዲስኩ የፊት ጥርሶች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል። የኋላዎቹ ግን ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። የተሰነጠቀው እንጨት ገጥሞ እነሱን ከነካ ያነሱትና ወደ እናንተ ይወረውሩታል። 250 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ መኪና እንዲህ አይነዳም። ምላሷ ስንጥቁን ከፍታ ትይዛለች፣ እንጨቱ እንዳይገጥም። ከጥርሱ ጫፍ ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርቃ ትቆም። ውፍረቷ ከዲስኩ ገላ ይብለጥ፣ ጥርሱ ከሚያወጣው ስንጥቅ ግን ይነስ። የተለያየ ዲስክ ስትገዙ ይህን ለኩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዛፍ ደግሞ ውስጡ ውጥረት አለው። ስትሰነጥቁት አንዱ ጎን ወደ ውጭ ይከፈታል ወይም ተመልሶ ይገጥማል። ድምፁ ከከበደ አታስገድዱት፤ ወደ ኋላም አትጎትቱት። በአንድ እጃችሁ እንደያዛችሁት በሌላው አጥፉ፣ ዲስኩ ፈጽሞ ይቁም፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። ማጥፊያው ስለዚህ ሁልጊዜ ሳታዩት የምትደርሱበት ቦታ ይሁን።

እንግዲህ ስገለብጥ እኔ የምከተለው ይህ ነው። ሶኬቱን እነቅላለሁ። የሞተሩን ክፍል ታች አድርጌ እቆልፋለሁ፣ ጠረጴዛውን እገለብጣለሁ፣ መቆለፊያው «ቀጭ» ሲል እሰማለሁ፣ ያም ሆኖ በእጄ ነቅነቅ አድርጌ አየዋለሁ። ከታች የሚቀረው የዲስክ ክፍል በመሸፈኛው ይሸፈናል። ምላሷና የላይኛው ክዳን ይታሰራሉ። እንጨቱ በጎኑ ተደግፎ የሚሄድበት መደገፊያ ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑን ከፊትም ከኋላም በሜትር እለካለሁ። መግፊያ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሶኬቱ የሚሰካው መጨረሻ ላይ ነው።

መግፊያ እንጨት ሳይኖር አትሰንጥቁ። ከቁራጭ ጣውላ ትሠሩታላችሁ፣ ጫፉን እንደ ወፍ አፍ ቁረጡለት። አጭር እንጨት ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ረጅም ከሆነ የመጨረሻውን 30 ሳንቲ ሜትር በእሱ ግፉ። ስትቆሙ ደግሞ ከዲስኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ። በጠረጴዛው አሠራር እንጨት በአግድሙ ለማሳጠር መደገፊያውን እንደ መለኪያ አትጠቀሙ፤ ቁራጩ በዲስኩና በመደገፊያው መካከል ይታፈንና ይወረወራል። ለማሳጠርማ ማሽኑን መልሳችሁ ገልብጡት፣ ሥራው እኮ ነው።

በማዕዘን መቁረጫው፣ ማለትም ባልተገለበጠው አሠራር ሕጉ አጭር ነው። እጃችሁ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ እንጨቱ ለዚያ ካጠረ በሞርሳ (በማጥበቂያ) እሰሩት። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ አታውርዱ። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ማስነሻውን ልቀቁና ዲስኩ እስኪቆም እታች አቆዩት፤ እየዞረ ካነሳችሁት ቁራጩን ይዞ ይነሳል።

የደሴ ብርድ ሌላ ጣጣ አለው። ጠዋት ጋቢ ደርበን፣ ሻርፕ ጠምጥመን፣ ጓንት አድርገን ነው የምንመጣው። ማሽኑ አጠገብ ሁሉም ይወልቅ። ጓንት ከብርድ ያድናል፣ የሚዞር ዲስክ ግን ጨርቁን ከያዘ እጁን ጨምሮ ነው የሚስበው። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ማስክ ግን አይቅሩ፤ በተለይ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ስትቆርጡ አቧራው በጣም ደቃቅ ነው።

መብራት ሲሄድስ? ሁሉም ሰው እጁን አንስቶ ወሬ ይጀምራል፤ ማሽኑ ግን እንደበራ ይቀራል። መብራቱ ሲመጣ ዲስኩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። አንዳንድ ማሽን መብራት ተቋርጦ ሲመለስ ራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ አለው። የእናንተ ካለው ጥሩ፣ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይግጠምላችሁ። እስከዚያው መብራት በሄደ ቁጥር ማጥፋትና መንቀል ነው። ማከፋፈያ ገመድም ከተጠቀማችሁ ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል።

ወደ እንክብካቤው ስንመጣ፣ ዲስኩ ከሁሉም ይቀድማል። ጽድና ባሕር ዛፍ ሙጫቸው ጥርሱ ላይ ይጋገራል። እንጨቱ ሲጠቁርና የተቃጠለ ሲሸት ሰው ዲስኩ ዶለዶመ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ቆሽሾ ነው። ፈትታችሁ ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ወዲያው አድርቁት። በደሴ እርጥበት ውሃ ይዞ ካደረ ጠዋት ዝጎ ታገኙታላችሁ። ጥርስ የጎደለው ወይም ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ይጣል። ዲስኩን የሚይዘው ቡሎን በብዙዎቹ ማሽኖች የሚፈታው በተቃራኒው፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ሳታውቁ ኃይል አትጨምሩ። አዲሱን ስትገጥሙ የዲስኩ ቀስት ከማሽኑ ቀስት ጋር ይስማማ፣ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከማሽኑ ዙር አይነስ። ለሁለቱም ሥራ ከ40 እስከ 48 ጥርስ ያለው ይበቃኛል። ለመሰንጠቂያ ብቻ የተሠራውን ባለ 24 ጥርስ በማዕዘን መቁረጫው አሠራር አትግጠሙት፤ እንጨቱን ነጥቆ ላዩ ላይ ይወጣል።

ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ከሆነ ሚስማሩን ፈልጉ። እኔ የድሮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት እንጨቱ ላይ እየጎተትኩ ነው የምፈልገው። ሰጋቱራውን በየቀኑ ከሞተሩ መተንፈሻ አጽዱ። ጠረጴዛውን ጠርጋችሁ ሻማ ፍተጉበት፣ በጨርቅም አሹት፤ ዝገት ይከላከላል፣ እንጨቱም ይንሸራተታል። ሞተሩ ውስጥ ያሉት፣ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሁለት ካርቦኖች ተበልተው ሲያጥሩ ብልጭታው ይበዛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ።

ኮምቦልቻ ሥራ ሲኖረኝ ማሽኑን ጭኜ እወርዳለሁ። መንገዱ ይንጠዋል፣ ማዕዘኑም ይሳሳታል። ስለዚህ እንደደረስኩ አንድ ሰፊ ቁራጭ ጣውላ በ90 ዲግሪ ለሁለት እቆርጣለሁ። አንዱን ግማሽ እገለብጥና የተቆረጡትን ጎኖች አጋጥሜ ወደ ፀሐይ አነሳቸዋለሁ። መሃላቸው ብርሃን ካለፈ ማዕዘኑ ስቷል፤ የሚታየው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነው የማስተካክለው። እንደገና እቆርጣለሁ፣ እንደገና አጋጥማለሁ። ብርሃኑ ሲጠፋ የደንበኛውን እንጨት አነሳለሁ።